የመንገድ ዳሩ በቆሎ

ግንቦት 9

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ አላባራም። የዶማው እጀታ ላልቶ ነበር፣ ሽብልቅ አበጀሁለት። ላሟ ዛሬም ስትታለብ ረገጠችኝ። ባለቤቴ ሳቀች። "ሊቀመንበር መሆንህን እስካሁን አልሰማችም መሰለኝ" አለች።

ከሰዓት ስብሰባ ነበር፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት። የአገር ዘር ጠባቂዎች ማኅበር። ምክትሌ ወሬ ይዞ መጣ። ነሐሴ ውስጥ ከግብርና ቢሮው ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙን ነው። ሥራችንን ከወደዱት የዘር ማስቀመጫ ቤት ይሠራልናል። ያቺን የምታፈስ መጋዘን ተገላገልናት ማለት ነው።

"የሚያዩት ያንተን ማሳ ነው" አለኝ። መንገድ ዳር ስለሆነ። ደስ አለኝ። ደግሞ ፈራሁ...

ወተቴ'ኮ አጭር ነው። የእናታችን ነጭ በቆሎ። ድርቅ ይችላል፣ ንፋስ አይጥለውም፣ ያለ ማዳበሪያ ያፈራል፣ ቶሎ ይደርሳል። ዱቄቱማ አይወራም። ግን ቁመቱ ከደረቴ አያልፍም። ትልቅ ሰው ከመኪና ወርዶ አጭር በቆሎ ሲያይ ምን ይላል?

ስመለስ ባለሱቁ ከደጁ ሆኖ ጠራኝ። "ሊቀመንበር! ድንክዬዎቹ እንዴት ናቸው?" ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ እስክገባ ግን ያቺን "ድንክዬ" ስደጋግማት ነበር።

ግንቦት 11

ገዛሁ። የፋብሪካውን ዘር፣ ቢጫውን፣ ረጅሙን። ባለሱቁ ሲመዝንልኝ ቅንድቡን አነሳ።

"ለዶሮ ነው" አልኩት።

"እንዴታ! ለዶሮ ነው እንጂ።"

ዶሮ የለኝም። እሱም ዶሮ እንደሌለኝ ያውቃል።

ግንቦት 14

ዘራሁት። በመንገዱ ዳር ብቻ፣ ጥቂት መስመር። የቀረው ማሳ ወተቴ ነው የሚሆነው፣ ሰኔ ሲገባ። ይሄኛው ግን ለጉብኝቱ ቁመት እንዲያወጣ ቀደም ብሎ መግባት አለበት።

መጋረጃ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሰው እንግዳ ሲመጣበት መጋረጃ አይሰቅልም? ካለፉ በኋላ አጭጄ ለላሟ እሰጣታለሁ። ማን ይጎዳል?

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች። መሬቱን አየች፣ ማዳበሪያውን አየች፣ እኔን አየች። "ወተቴ ማዳበሪያ መብላት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለች። ሰሃኑን ተቀብዬ መብላት ጀመርኩ።

ሰኔ 4

ወተቴውን ዘርቼ ጨረስኩ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ እትዬም የሷን ጨርሳለች። እህቴ ናት፣ ታላቄ። በሁለታችን ማሳ መካከል ያለችው ያቺ የእግር መንገድ ብቻ ናት። ከእናታችን ሞት ወዲህ ዘሩን ያቆየችው እሷ ነች። እኔ ከተማ ለከተማ ስዞር እሷ አንድ ዓመት ሳታስተጓጉል ዘራችው። አሁን የማኅበሩ የእናት ዘር ማሳ የሷ ነው። ሁሉም አባል ለዘር የሚወስደው ከሷ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት ኩራት ይኸው ነው። ሌላ ነገር ቀርቷት አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ለአባላቱ ስለ ርቀት ተናገርኩ። "በቆሎ እንደ ስንዴ አይምሰላችሁ! በንፋስ ነው የሚዳቀለው። ከፋብሪካ ዘር አጠገብ የዘራ ሰው የእናቱን ዘር በእጁ ገደለ!" ጠረጴዛውን ሁሉ መታሁ። አጨበጨቡልኝ።

ስናገር ያ መስመር ትዝ አላለኝም። ወይስ ብሎኛል? ረጅሙ ዘግይቶ ነው የሚያብበው፣ ከወተቴ ጋር አይገናኙም... ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቀድሜ መዝራቴን ግን ለራሴ አልነገርኩትም።

ሐምሌ 19

አቤት ቁመት! ትከሻዬን አልፏል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ። ከኋላው ያለው ወተቴ አይታይም፣ ጭራሽ ተሸፍኗል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ ፎቶ አነሳ። መቼም የሰው ልብ ጉድ ነው፣ ደስ አለኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ደስ አለኝ።

ባለሱቁ ዛሬ ድንክዬ አላለም። "ዶሮዎቹ አደጉ?" ብቻ ነው ያለው።

ነሐሴ 9

ጉብኝቱ ዛሬ ነበር። ተሳካ። ተሳካ ልበል እንጂ ምን ልበል...

ከቢሮው ኃላፊው መጡ፣ የዘር ባለሙያዋ ልጅ መጣች፣ ከየማኅበሩ ሰው መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። በዚያች የእግር መንገድ ነው ያሳለፍናቸው። በግራ የኔ፣ በቀኝ የእትዬ። ኃላፊው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቅጠሉን ነኩት። "ይሄ ነው አገር በቀል! ማነው አገር በቀል አያዋጣም ያለው?" አሉ። ካሜራ ነበር። ባለሙያዋ ጠጋ ብላ "ዘሩ ያው ወተቴ ነው?" አለችኝ። "ከእናቴ የወረስኩት ነው" አልኳት። እናቴን ጠራሁ። በውሸት ውስጥ እናቴን ጠራሁ።

ይሄም ይቅር። ኃላፊው ዞረው የእትዬን ማሳ አዩ። "የኚህኛዋ ግን ምነው አጠረ?"

እትዬ ማዶ ቆማለች። ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ እጇን አጣጥፋ። ትሰማለች። እኔ ምን አልኩ? "እንክብካቤ ይጎድለዋል" አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም ብል ማን ያምነኛል?

እሷ አንገቷን ደፋች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ምነው በተቆጣችኝ! "ማሙሽ" አለችኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝም ለሷ ማሙሽ ነኝ። "እውነትክን ነው፣ ዘንድሮ ጉልበቴ ደክሟል። እናታችን በነበረችበት ጊዜም ወተቴ እንዲህ ሲረዝም አይቼ አላውቅም። እጅህ ይባረክ። ከነዚያ ረጃጅሞቹ ትንሽ ዘር አስቀምጥልኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኳት።

ነሐሴ 10

ጠዋት ማሳው ውስጥ ገባሁ። ስወጣ ባለቤቴ "ትከሻህ ላይ ምንድነው?" አለችኝ። ቢጫ ብናኝ። አራገፍኩት፣ አለቀቀም። ከረጃጅሞቹ ጫፍ ነው የወረደው። አብቧል! ቀና ስል ንፋሱ ያወዛውዘዋል። ንፋሱ ደግሞ ከኔ ወደሷ ነው።

መንገዱን ተሻግሬ የእትዬን ወተቴ አየሁ። ሁሉም ፀጉሩን አውጥቷል። እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ብናኝ የሚጠብቅ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ለጉብኝቱ ይድረስ ብዬ ባላስቀድመው ኖሮ አይገናኙም ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ... እኔ የነከስኩት የእህቴን ዘር ነው።

ነሐሴ 11

አጨድኩት። ሁሉንም። ላሟ ጠግባ ተኛች። ምክትሌ አልፎ ሲሄድ አየና "ምነው ያን የመሰለ በቆሎ?" አለኝ። "ተምች ገባበት" አልኩት። ውሸት ውሸትን እንደሚወልድ ማን ያጣዋል? የኔው ግን መንታ መንታ ነው የሚወልደው።

ምናልባት አልደረሰ ይሆናል። ምናልባት ዝናቡ ብናኙን አጥቦት ይሆናል።

ነሐሴ 26

ባለቤቴ አወቀች። አልነገርኳትም፣ ማዳበሪያውን ካየች ቀን ጀምሮ ታውቃለች። "ለእህትህ ንገራት" አለች። ለላሟ ሣር ስታጭድ ነው የነገረችኝ፣ ቀና ሳትል። "ነገ" አልኳት። "ነገ ደግሞ የማን ቀን ነው?" አለች።

መስከረም 22

የራሴን በቆሎ በእሸቱ አስጨረስኩት። ለጎረቤት ሰጠሁ፣ በላን፣ የቀረው ለላሟ። ሰው ቸር ሆነ ብሎ ያወራል። እኔ ቀለሙ ሳይወጣ ማጥፋቴ ነው። የሷንስ እንዴት አጠፋዋለሁ?

መስከረም 28

እትዬ ጠራችኝ። "ማሙሽ ና እስቲ፣ አንድ ነገር እይልኝ።" ሄድኩ።

አንድ ራስ በቆሎ ልባሱን ገልጣ ይዛለች። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ... መሐሉ ላይ ቢጫ ፍሬ። ከታች ደግሞ ሌላ ቢጫ። የወርቅ ጥርስ ይመስላል።

"ምንድነው ይሄ? በሽታ ነው እንዴ?" አለችኝ። ዓይኔን ነው የምታየው። የጠራችው የምታምነውን ሰው ነው፣ ሊቀመንበሩን፣ ወንድሟን። ማሳው ውስጥ ማንም አልነበረም። እዚያው ልነግራት እችል ነበር።

"እንጃ" አልኳት።

እንጃ! በንፋስ ስለመዳቀል ጠረጴዛ የደበደብኩት ሰውዬ፣ እንጃ!

ጥቅምት 1

ምክትሌና ባለሙያዋ ማሳዎቹን ሲያዩ ዋሉ። ለዘር የሚሆነውን ለመምረጥ። የእትዬ ጋ ደረሱ። ከመንገዱ ዳር ካለው መስመር ጥቂት ራስ ገልጠው አዩ፣ ወደ ውስጥ አልገቡም። ባለሙያዋ "ይሄ በደንብ ነው የተዳቀለው፣ በጣም ቅርብ የሆነ የፋብሪካ ዘር አለ" አለች። ምክትሌ ዙሪያውን አየ። በኔ ማሳ የታጨደ አገዳ ብቻ። "በዙሪያዋ ማንም የዘራ የለም። እሷው ቀላቅላ ካልሆነ በቀር" አለ።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። መነቅነቁ እሺ ይሁን እምቢ እኔም አላውቅም፣ እሱ ግን እሺ አድርጎ ወሰደው።

ጥቅምት 2

ወሬው ተዛምቷል። "ምርት አንሷት የፋብሪካ ዘር ቀላቀለች" እየተባለ ነው። "በጉብኝቱ ቀን በወንድሟ በቆሎ ቀንታ" ያሉም አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ ገና አልሰማችም። ጠዋት አጥሯን ስትጠግን አየኋት። እጇን አነሳችልኝ። እኔም አነሳሁ።

ጥቅምት 4

ይህን ቀን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እትዬን መሐል አቆሟት። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት። ምክትሌ በአክብሮት ነው የጠየቃት፣ አይ አክብሮት! "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌላ ዘር ገዝተው ነበር?"

"እኔ?" አለች። እንደ ቀልድ ፈገግ ብላ አየችን። ሁላችንንም አየች። ማንም እንዳልሳቀ ስታይ ፈገግታዋ ወረደ። "ይሄን ዘር እኮ በረሃብ ዘመን እንኳ አልበላሁትም። ልጆቼ እያለቀሱ አልበላሁትም። ዛሬ ምን ብዬ ነው የማበላሸው?"

ምክትሌ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ከዚያ ዞራ እኔን አየች። "ማሙ... ሊቀመንበር፣ አንተ ታውቀኛለህ። ንገራቸው እንጂ።"

እኔም ተናገርኩ። "ደንብ ደንብ ነው" አልኩ። "ነገሩ ይጣራ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተሰነጠቀችም። መሬትም ንቃኝ ይሆናል።

የተወሰነው ይኸው ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ማጣሪያ ካልተገኘ የእትዬ ማሳ ከእናት ዘርነት ይሰረዛል። ምርቷ ሁሉ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። አንድ ፍሬ ለዘር አይቀርም። የኔ ደግሞ በእሸቱ አልቋል። ያ ማለት የእናታችን ወተቴ አለቀ ማለት ነው። አባላቱ ጋ ያለችው ትንሽ ዘርም ሁሏም ከሷ የተወሰደች ስለሆነች አትታመንም፣ ትጣል ተብሏል።

ስትወጣ አንድም ሰው መንገድ አልሸኛትም። እኔም።

ጥቅምት 5

አልበላሁም። ባለቤቴ ሰሃኑን አስቀምጣ አነሳችው።

ጥቅምት 7

እትዬ ቤት ሄድኩ። ልነግራት። በእውነት ልነግራት።

በረንዳ ላይ ነበረች። ወንበር አወጣችልኝ፣ በመዳፏ ጠረገችልኝ። "ተቀመጥ ሊቀመንበር" አለች። እሷ ሊቀመንበር ብላኝ አታውቅም። ስድብ አልነበረም፣ ድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ሻይ አመጣች። "ዝናቡ ቀረ መሰለኝ" አልኳት። "ቀረ" አለች። "ለአጨዳ ጥሩ ነው" አልኩ። "ለማን አጨዳ?" አለች።

ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩ። "በይ ደህና ዋይ" ብዬ ወጣሁ። ሻዩን ጠጥቼ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 9

ባለሱቁ ዛሬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በዝግታ ነገረኝ። "እኔ ምስጢር እጠብቃለሁ፣ አትስጋ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የምሸጠውን ዘር ደብቄ አልሸጥኩም። የደበቅኸው አንተ ነህ።" እሱም አልሳቀ፣ እኔም አልሳቅሁ። ጨው ልገዛ ነበር የገባሁት፣ ሳልገዛ ወጣሁ።

ለባለቤቴ ፍርሃቴን ነገርኳት። "ሊቀመንበርነቴ ቢቀርስ? ቢሮው ቢሰማስ? የዘር ቤቱስ?" ብዬ ደረደርኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። "አንድ ነገር ረሳህ" አለች። "ምን?" "እህትህን።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ነበር። የኔ ንጋት ግን እኔው ካልገፋሁት አይመጣም።

ጥቅምት 11

ተናገርኩ።

ስብሰባው ገና ሳይከፈት ተነሳሁ። "እህቴ ምንም አላደረገችም። የፋብሪካውን ዘር የዘራሁት እኔ ነኝ። በመንገዱ ዳር። ያያችሁት ረጅሙ በቆሎ ወተቴ አልነበረም" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ያልኩት። እንዲህ አጭር መሆኑን ባውቅ ኖሮ...

ከዚያ ምን ሆነ? አጨበጨቡ! እግዜር ያሳያችሁ፣ አጨበጨቡልኝ! ምክትሌ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሳ። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው! ለእህቱ ሲል ስሙን የሚያቆሽሽ! ግን ሊቀመንበር፣ አንተን የመሰለ ሰው እንዲህ እንደማያደርግ እናውቃለን። ራስህን አትጉዳ።" አንዷ ሴት "እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን" አለች።

እትዬ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች። አላጨበጨበችም።

እንዲያው በዚያ ቢበቃስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው። ተናግሬያለሁ፣ አላመኑኝም፣ ምን ላድርግ? እሷንም ምናልባት በኔ ሲሉ ይምሯታል። እኔም ከነክብሬ እቀራለሁ... ላፍታ ያህል ጣፈጠኝ። ከሁሉም የማፍረው በዚያች አፍታ ነው።

"ተነሱ" አልኳቸው። "ተነሱ፣ ማሳው ይንገራችሁ!"

ተከተሉኝ። ከእትዬ ማሳ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከመንገዱ ከሚርቀው ጀመርን። "ግለጥ" አልኩት ምክትሌን። ገለጠ፣ ነጭ። የሚቀጥለው ነጭ። ወደ መንገዱ እየቀረብን መጣን። አንድ ቢጫ። ትንሽ ሄድን፣ ሁለት ሦስት። የመጨረሻው መስመር፣ የኔን ማሳ ፊት ለፊት የሚያየው... ቢጫው ከነጩ በላይ ሆነ። ከዚያ መንገዱን አሻግሬ የታጨደውን አገዳ አሳየኋቸው። ጉቶው ከወተቴው ጉቶ በውፍረት እጥፍ ነው። ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ ነካችው። ቀና ስትል አላየችኝም።

ያኔ ማንም አላጨበጨበም። ምክትሌ የያዘውን በቆሎ መልሶ በልባሱ ሸፈነው፣ ሊጠብቀው እንደፈለገ። "እኔ እኚህን ሴት መሐል አቁሜ..." አለና አቋረጠው።

እትዬ ወደ እኔ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ፊቴን አላዞርኩም።

"ከነዚያ ረጃጅሞቹ ዘር አስቀምጥልኝ ስልህ" አለች፣ "እሺ አልከኝ።"

ዞራ የተገለጡትን አንድ በአንድ ትሸፍን ጀመር።

ጥቅምት 12

ከሊቀመንበርነት አነሱኝ። ራሴው እጄን አውጥቼ ነው የደገፍኩት። ምክትሌ ተተካ። ለቢሮው ባለሙያዋ ዘሩ መዳቀሉን ብቻ ጻፈች። የዘር ቤቱ ለዘንድሮ ቀርቷል። ሁሉም በኔ።

ዘሩ ግን አይጣልም። ባለሙያዋ አስረዳችን። በቢጫው የተዳቀለ ፍሬ ቢጫ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን መርጦ፣ ፈልፍሎ፣ ቢጫውን ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። ፍሬ በፍሬ። "ማን ይለቅመዋል?" አሉ። "እኔ" አልኩ። ማንም ሌላ ስም አልጠራም።

ኅዳር 6

የእትዬ በረንዳ። እሷ ትፈለፍላለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አታናግረኝም። አንዳንዴ ብቻ "ሊቀመንበር፣ ወደ ጥላው ጠጋ በል" ትላለች። ተሽሬም ሊቀመንበር ነኝ። አንድ ቀን "አሁን'ኮ አይደለሁም" ልላት አሰብኩ። ተውኩት።

ሰው ሲያልፍ በጣም ነው የማፍረው። ወንዱ ሰውዬ ሰፌድ ይዞ ፍሬ ሲለቅም። ቀና ብዬ ሰላም እላለሁ። አንዳንዱ ይመልሳል።

ኅዳር 15

ባለሱቁ በዚያ አለፈ። ቆመ፣ አየ። "ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። "አይዞህ" ብሎኝ ሄደ። ይሄ ባሰኝ።

ኅዳር 24

ዛሬ ጨርሻለሁ ብዬ ሰፌዱን ሰጠኋት። እጇን ውስጡ ከታ አገላበጠችው። ቆየች። አንዲት ቢጫ ፍሬ አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ሰፌዱን ተቀብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሲመሽ ዓይኔ ማጥራት አቃተው። ነጩም ቢጫ መሰለኝ። አሸሁት። "ተወው" አለች ከጎኔ። "ለነገ ይደር። ዓይንህ ደክሟል፣ ማሙሽ።"

እንዳልሰማ ሆንኩ። ማሙሽነቴን እንደገና እንዳትወስደው ፈርቼ።

ሰኔ 3

ዘራሁ። እትዬ ናት ዘሩን የሰጠችኝ፣ በመሐረቧ ቋጥራ። ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየች። "ማዳበሪያ የለም?" አለች። "የለም።" "ጎሽ" አለች። እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ወተቴ ነው። ሌላ የለም።

ነሐሴ 14

ሳይነግሩ መጡ። ኃላፊው፣ ከባለሙያዋ ጋር። የዘር ቤቱን ነገር እንደገና ሊያዩት ነው ተባለ። አዲሱ ሊቀመንበር ሮጦ መጣ፣ ሸሚዙን እንኳ አልቆለፈም። እኔ አረም ላይ ነበርኩ፣ ጭቃ በጭቃ። እትዬም ከመንገዱ ማዶ አረሟ ላይ።

ኃላፊው በእግር መንገዷ መጡ። በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ። በሁለቱም በኩል ከደረት የማያልፍ በቆሎ። እኔን ወዲያው አላወቁኝም። "አምና እዚህ ጋ አንድ ረጅም በቆሎ አልነበረም? ዘንድሮ ምነው አጠረ?" አሉ።

መደበቅ እችል ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ማረም ነው። ቀና አልኩ።

"አላጠረም" አልኩ። "ልኩ ነው። ያምናው የፋብሪካ ዘር ነበር። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።"

ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ዛሬም፣ ከስንት ጊዜ በኋላም። ኃላፊው ወደ አዲሱ ሊቀመንበር ዞሩ። ሸሚዙን ይቆልፋል።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ድምጿ መጣ። ጎንበስ እንዳለች፣ አረሟን እየነቀለች።

"እንክብካቤም አይጎድለውም!"

ባለሙያዋ ሳቀች። አዲሱ ሊቀመንበርም ሳቀ። እኔ ግን የገዛ ቃሌ እንደ ጥፊ ፊቴ ላይ አረፈ። እስካሁን ይዛው ኖራለች። ልትረሳውም አይገባም። ቀስ ብዬ አየኋት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እትዬ እየሳቀች ነበር።

ጎንበስ ብዬ አረሜን ቀጠልኩ።